አንጀትዎ ሳይድን ጥርስዎ መግል ሲቋጥር፦ ጀሪፍ ላሉ ማወቅ ያለብዎ

ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ ላይ የጥርስ ሕመም መፍትሔው ቅርብ ይመስላል። ጉንጭዎን በመዳፍዎ ደግፈው ሰይደሊያው (መድኃኒት ቤቱ) ፊት ከቆሙ ባለመድኃኒቱ ብዙ አይጠይቅዎትም። አንድ መርፌ፣ አንድ ፓኬት አንቲባዮቲክ፣ ሒሳቡ በባንካክ (በስልክ ባንክ)፣ አለቀ። ይህ ለጤነኛውም ሰው አጉል ልማድ ነው። አልሰረቲቭ ኮላይተስ ወይም ክሮንስ ለሚባለው የአንጀት ብግነት መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ግን ከጥርሱ የከፋ ጣጣ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ጥርስ ሐኪሙ ስለ አንጀትዎ አይጠይቅም። የአንጀት ሐኪምዎ ደግሞ አፍዎን ከፍቶ አላየም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ፋይልዎን የሚያውቀው ሐኪም ራሱ ካይሮ ወይም ፖርት ሱዳን ተሰዶ ሊሆን ይችላል። የሁለቱን ወሬ የሚያገናኘው እርስዎ ብቻ ነዎት። እናም ወንበሩ ላይ ከመቀመጥዎ በፊት የሚከተሉትን ይፈትሹ።

ያለብዎት በትክክል ምንድን ነው?

• የአንጀት ሕመምዎ በምን ተረጋገጠ? በኮሎኖስኮፒ ታይቶ፣ ናሙና ተወስዶ ነው? ወይስ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ በመጣ ቁጥር «አሜባ ነው» እየተባለ ፍላጅል ሲወስዱ ቆይተው በመጨረሻ አንድ ሰው ፕሬድኒሶሎን አዘዘልዎት? ሁለተኛው ከሆነ ይጠንቀቁ። በእኛም አገር በሱዳንም የአንጀት ቲቢ ክሮንስን መስሎ ይታያል፤ ፕሬድኒሶሎን ለጊዜው ያስታግሰውና ውስጥ ውስጡን ያባብሰዋል። ሌሊት የሚያልብዎት፣ የሚከሱ፣ የሚያስልዎት ከሆነ ይህንን ለሐኪም ሳይነግሩ ጥርስ ወደ ማስነቀል አይሂዱ።

• ለጥርስ ሐኪሙ በዐረብኛ ምን ብለው ነው የሚነግሩት? «ዒንዲ ቆሎን» ካሉ አልነገሩትም ማለት ነው። ሱዳን ውስጥ ሆዱ የሚነፋውና ሲናደድ የሚያስቀምጠው ሰው ሁሉ «ቆሎን አለብኝ» ይላል፤ ሐኪሙም ራሱን ነቅንቆ ያልፈዋል። «ኢልቲሃብ አል-ቆሎን አት-ተቀሩሒ» ወይም «መረድ ኮሮን» ይበሉ፤ ከቻሉ በወረቀት አስጽፈው ይያዙ። ከዚያ ፊቱን ይመልከቱ። ሰምቶ ስለሚወስዱት መድኃኒት ከጠየቀዎት ጥሩ ቦታ መጥተዋል። ሰምቶ ዝም ካለ ሌላ ክሊኒክ ይፈልጉ።

• ጥርሱ ማመሙን በራሱ ጊዜ አቁሟል? ይህ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነው። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ የነሳዎት ጥርስ አንድ ቀን ጸጥ ሲል ዳነ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ነርቭ ሞቶ ነው። ከዚያ በኋላ ተሕዋስያኑ በባዶው ቦይ ወርደው ሥሩ ጫፍ ላይ አጥንቱን መብላት ይጀምራሉ። ለወራት፣ ለዓመታትም ሳያምዎት ሊቆይ ይችላል። ምልክቱ ሲነክሱበት ቅር የሚል ስሜት፣ ከዓመታት በፊት ተሞልቶ የጠቆረ ጥርስ፣ ወይም ድድ ላይ እየመጣች የምትፈነዳ ትንሽ ብጉር ብቻ ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ አይቶ «ምንም የለም» የሚል ሰው አላየም፤ እስከ ሥሩ ጫፍ ድረስ የሚያሳይ ራጅ ይጠይቁ።

• ነገሩ በእርግጥ እርስዎን ይመለከታል? በስፔን ሴቪያ የተደረገ ጥናት የአንጀት ብግነት ያለባቸውን ሰዎች በዕድሜና በጾታ ከሚመስሏቸው ጤነኞች ጋር አነጻጽሮ፣ ሥሩ የተበከለ ጥርስ በታማሚዎቹ አፍ ውስጥ በብዛት አግኝቷል። አንዱ ሌላውን ያመጣል ማለት ግን አይደለም። ስለዚህ «ጥርስዎ በሙሉ ቢጸዳ አንጀትዎም ይድናል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ቦርሳዎን ይዝጉ። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ የትሬንተን የአእምሮ ሆስፒታል ሲመራ የነበረው ዶክተር ሄንሪ ኮተን የተደበቀ ኢንፌክሽን ያሳብዳል ብሎ አምኖ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታካሚዎቹን ጥርስ አስነቀለ፤ ካልዳኑም ትልቁን አንጀት ቆርጦ ያወጣ ነበር። ብዙዎቹ ሞቱ። የተበከለ ጥርስ የሚታከመው በራሱ ምክንያት ነው።

የመድኃኒት ከረጢትዎን ይዘው ይሂዱ

ስሙን በቃል አይንገሩ፤ ባዶ ካርቶኑንም ቢሆን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ።

• ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ? ከሦስት ሳምንት በላይ ከወሰዱት በገዛ እጅዎ በድንገት አያቁሙ። «ጥርስ ለመነቀል ስቴሮይድ መቆም አለበት» የሚል ምክር ከጎረቤትም ከክሊኒክም ሊሰሙ ይችላሉ። ሰውነትዎ የራሱን ማምረት አቁሞ ከሆነ በድንገት ማቋረጡ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ሌላው ወጥመድ ደግሞ መድኃኒቱ ትኩሳትንና እብጠትን መደበቁ ነው። ጉንጭዎ ትንሽ ብቻ ስላበጠ ነገሩ ትንሽ ነው ብለው አይደምድሙ።

• አዛትዮፕሪን ወይም ሜቶትሬክሴትስ? ከመነቀሉ በፊት የደም ሴል ቆጠራ ያሠሩ። ነጭ የደም ሴልዎ ወርዶ ከሆነ ቁስሉ ለመዳን ይቸገራል። ሜቶትሬክሴት የሚወስዱ ከሆነ አሞክሲሲሊንም ሆነ ዲክሎፌናክ መድኃኒቱ ከሰውነትዎ እንዳይወጣ ሊያግዱትና ወደ መርዝነት ሊገፉት እንደሚችሉ ይወቁ። ይህንን የሰይደሊያው ልጅ አይነግርዎትም፤ አያውቀውም ይሆናል።

• ኢንፍሊክሲማብ ወይም አዳሊሙማብ በመርፌ ይወስዳሉ፣ ወይም ሊጀምሩ ነው? ሊጀምሩ ከሆነ የተበከለው ጥርስ አስቀድሞ ይታከም። የጀመሩ ከሆነ የሚቀጥለው መርፌ መቼ እንደሆነ ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩና ቀኑን ሁለቱ ሐኪሞች ተነጋግረው ይወስኑ። መግል እያለ መርፌውን በራስዎ ውሳኔ መውሰድም መዝለልም አይገባም።

• በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ በብዙ ውኃ ወስደው ከዚያ እንዳይተኙ የተነገረዎት ክኒን አለ? ስቴሮይድ አጥንት ስለሚያሳሳ ብዙ ጊዜ አብሮ የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው። ይህንን ክኒን የሚወስድ ሰው ጥርስ ሲነቀል፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ የመንጋጋ አጥንቱ ሳይሽር ተጋልጦ ሊቀር ይችላል። ማንም ስለዚህ ሳይጠይቅዎ ጉጠት ካነሳ አፍዎን ይዝጉ። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሥሩን ማከም ከመንቀል ይመረጣል።

• ደም ማነስ አለብዎት? አንጀቱ የሚደማ ሰው ብዙ ጊዜ የብረት እጥረት አለበት። ከመነቀሉ በፊት ይታወቅ።

ሰይደሊያው መስኮት ላይ

ወጪው ትንሽ፣ መዘዙ ትልቅ የሆነው እዚህ ስለሆነ ቆም ብለው ያንብቡ።

• ማስታገሻው ምንድን ነው? ብሩፌን፣ ቮልታረን፣ ካታፍላም፣ አስፕሪን፤ ለጥርስ ሕመም መጀመሪያ የሚቀርቡልዎት እነዚህ ናቸው። ፀጥ ብሎ የነበረውን አንጀት ሊቀሰቅሱ የሚችሉትም እነዚሁ ናቸው። ፓራሲታሞል ይሻልዎታል፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙን በቀን ከ8 ፍሬ አያሳልፉ፤ ጉበትዎ የተጎዳ ወይም በጣም የከሱ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ነው። የጉንፋንና የ«ፈጣን ማስታገሻ» ድብልቆችን ካርቶን ገልብጠው ያንብቡ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን አለ። ሳያውቁት እጥፍ ይወስዳሉ።

• መርፌው ውስጥ ምን አለ? «ሑቅና (መርፌ) ብቻ ነው፣ ቶሎ ይሻልሃል» የሚለው መልስ አይደለም። ብልቃጡን ይዩ፤ ስሙን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ዲክሎፌናክ ከሆነ አይወጉ። ዴክሳሜታዞን ከሆነ ስቴሮይድ ነው፤ በፕሬድኒሶሎንዎ ላይ ይደረባል፤ እብጠቱን ያበርደውና ኢንፌክሽኑን በሰላም ያሳድገዋል። ያን ዕለት ማታ ተኝተው ሲያድሩ «ተዓምር ነው» ይላሉ፤ ከቀናት በኋላ ግን አንገትዎ ሥር ሊያብጥ ይችላል።

• አንቲባዮቲኩ በእርግጥ ያስፈልጋል? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ክኒን ደም ወደማይደርስበት የሞተ ጥርስ ውስጥ አይገባም። ዙሪያውን ያቀዘቅዛል፤ ምንጩ እዚያው ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይመለሳል፤ እርስዎም ሌላ ፓኬት ይገዛሉ። የአሜሪካ ጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ የሰውነት መከላከያው ደህና ለሆነ አዋቂ፣ የጥርስ ሕክምናው ወዲያው የሚሠራለት ከሆነ፣ ለአብዛኛው የጥርስ ሥር ሕመም አንቲባዮቲክ አይመከርም ብሏል። እርስዎ መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ስለሚወስዱ ሐኪሙ ሊያዝልዎት ይችላል። ማዘዙ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ ጥፋቱ ጥርሱ ሳይከፈት ወይም ሳይነቀል ክኒኑ ብቻ ሲሰጥ ነው። «ምንጩን መቼ ነው የምታወጣው?» ብለው ቀኑን ይቀበሉ።

• የትኛው አንቲባዮቲክ? ክሊንዳማይሲንና ኦግመንቲን ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባለውን አደገኛ የአንጀት ተሕዋስ የሚቀሰቅሱ ተብለው የሚታወቁ ናቸው፤ የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ደግሞ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ተጋላጭ ነው። ክሊንዳማይሲን ከታዘዘልዎት «ሌላ የለም ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ለፔኒሲሊን አለርጂ ካልሆኑ ብዙ ጊዜ አለ። ፍላጅል ከታከለ አልኮል የለም፣ አረቄዋም አትቀመስ። ለአሜባ እየተባለ ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ወስደውት ጣትዎ የሚደነዝዝ ከሆነም ይናገሩ።

• የቤት መላስ? ቅርንፉዱ ለጊዜው ያደነዝዛል፤ ዘይቱን በብዛት ካፈሰሱት ድዱን ያቃጥላል። ለሆድ ብለው ሰናመኪ የሚያፈሉ ጎረቤቶች ግን አሉ፤ ሰናመኪ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ ለተቆጣ አንጀት አይሰጥም።

ይነቀል ወይስ ይታከም?

ጀሪፍ ላይ ሁለት ዋጋ ይነገርዎታል፤ «ኸለዕ» (መንቀል) ርካሹ፣ «ሐሸው ዐሰብ» (ሥሩን ማከም) ውዱ። ሁለቱም የተነገረው ዋጋ ላይ አይቆሙም።

• መንቀሉ በእርግጥ ይረክሳል? ጥርሱ የፊት ከሆነ ባዶውን ለመሙላት ድልድይ ይሠራል፤ ለድልድዩ ሲባል ግራና ቀኝ ያሉት ጤነኛ ጥርሶች ይሞረዳሉ። መንጋጋ ከሆነ ደግሞ ማኘክ ይጎድላል። አንጀቱ የጠበበበት የክሮንስ ታማሚ ምግቡን አልሞ እንዲያኝክ ይመከራል፤ ጥብስና ጥሬ አትክልት በደንብ ሳይደቅ ከወረደ ጠባቡ ቦታ ላይ ሊያዝ ይችላል። ሦስት መንጋጋ ያለው ሰውና አሥር መንጋጋ ያለው ሰው አንድ ጥርስ ሲያጡ ኪሳራቸው እኩል አይደለም። ስንት እንደቀረዎት ይቁጠሩ። በሌላ በኩል ጥርሱ እስከ ሥሩ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ ወይም ለሦስት ቀጠሮ የሚመላለሱበት አቅምና ሰላም ከሌለ፣ በንጹሕ እጅ መነቀሉ በግማሽ ከተተወ ሕክምና ይሻላል። እዚህ ላይ «ጥርስ አይነቀልም» የሚሉ አክራሪዎችን አይስሙ።

• ዋጋው በጥርስ ነው በቦይ? የታች የመጀመሪያው መንጋጋ ብዙ ጊዜ ሦስት ቦይ አለው፤ የላዩ አራት ሊኖረው ይችላል። አንዱ ካልተገኘና ካልተጸዳ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። «ስንት ቦይ አገኘህ?» ብለው ይጠይቁ።

• ዋጋው ውስጥ ምን የለም? ራጁ፣ ጊዜያዊው መሙያ፣ ቋሚው መሙያ፣ ከሁሉም በላይ ሽፋኑ። ሥሩ የታከመ መንጋጋ በቀላሉ ሊሰበር ይችላል፤ ሽፋን ይፈልጋል፤ ሽፋኑ ደግሞ ከሕክምናው ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ይህንን በመጨረሻው ቀን፣ እምቢ ማለት በማይችሉበት ሰዓት ነው የሚነግሩዎት። ከመጀመሪያው ድምሩን በወረቀት ያስጽፉ፤ ለየቀጠሮው እየከፈሉ ይሂዱ፤ ጁነይሁ (የሱዳን ገንዘብ) በየጊዜው ስለሚዋዥቅ «ዋጋው ተለውጧል» እንዳይባሉ ቀኑንም ያስጽፉ። ለሐበሻ ተለይቶ የሚነገር ዋጋ መኖሩን ያውቁታል፤ ሱዳናዊት ጎረቤትዎ አብራዎት ብትሄድ ወይም አስቀድማ ደውላ ብትጠይቅ ጥሩ ነው።

• የጎማ መጋረጃ ይጠቀማል? ጥርሱን ብቻ ነጥሎ ሌላውን አፍ የሚሸፍን ስስ ጎማ ነው። ያለ እሱ ምራቅ ወደ ተከፈተው ሥር ይገባል፤ ቦዩን የሚያጥበው ኬሚካልም ጉሮሮ ሊደርስ ይችላል።

• «ነርቭ የሚገድል» ብሎ የሆነ ነገር አስቀምጦ ዘጋው? ምን እንደሆነ ይጠይቁ። አርሴኒክ ያለበትን የድሮ መድኃኒት ጥሩ ሐኪም ትቶታል፤ ካፈተለከ ድድና አጥንት ያቃጥላል።

ንጽሕናው ላይ አይፈሩ፣ ይዩ

• መሣሪያው ከምን ወጣ? ከታሸገ ከረጢት፣ ፊትዎ ተቀዶ መውጣት አለበት። ከረጢቱ ላይ በሙቀት ቀለሟን የምትቀይር ትንሽ ምልክት አለች፤ መቀየሯን ይዩ። ዴቶል የመሰለ ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ከቆየ ሳሕን እየተነሣ ከሆነ ይነሡ። ሄፓታይተስ ቢ ጤነኛውንም አይምርም፤ መከላከያው የተዳከመውን ሰው ደግሞ ያስቡት።

• መብራቱ ሲሄድስ? በ2017 ዓ.ም. በድሮን ጥቃት ካርቱም ጨለማ ሲውጣት የውኃ ፓምፖችም ቆመው ነበር፤ በግንቦት ወር ኮሌራ የበዛውም ያኔ ነው። መሣሪያ በእንፋሎት ከተሕዋስ የሚያጸዳው አውቶክሌቭ መብራት ይፈልጋል። «ጄኔሬተር አለ? ትናንት መብራት ሲጠፋ መሣሪያውን በምን አጸዳችሁ?» ነውር የለውም፤ ይጠይቁ።

• ወደ አገር ቤት ሄጄ ላሠራው ካሉ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አዲስ አበባም ጥርስ የሚታከምበት አለ፤ ጥቁር አንበሳ ደግሞ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች አሉት። ግን በገዳሬፍ፣ በገላባትና በመተማ ያለው መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ፣ ጸጥታውም እንዴት እንደሰነበተ መጀመሪያ ይጠይቁ። መግል ይዞ ያበጠ ጉንጭ መንገድ ላይ አይጠብቅም። ቢያንስ ተከፍቶ መግሉ ከወጣ በኋላ ይጓዙ፤ መንገዱ ከሚፈጀው በላይ የሚበቃ የአንጀት መድኃኒት ይያዙ።

ከዚያ በኋላ

• ተቅማጥ ከጀመረዎት? አንቲባዮቲክ በወሰዱ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ተቅማጥ የአንጀትዎ ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ሊሆን ይችላል፣ ጀሪፍ ላይ ደግሞ ኮሌራም ሊሆን ይችላል። በግምት ፕሬድኒሶሎኑን ከፍ አያድርጉ፤ ማቆሚያ ክኒንም አይዋጡ። መጀመሪያ ሰገራ ይመርመር፤ እስከዚያ ኦአርኤስ ይጠጡ። እንደ ሩዝ ውኃ የነጣና የማያባራ ከሆነ ምርመራ አይጠብቁ፤ ወደ ኮሌራ ማከሚያ ይሮጡ።

• መቼ ነው በሌሊትም ቢሆን የሚኬደው? አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ከመንጋጋ ሥር አንገት ድረስ ካበጠና ከጠነከረ፣ ዓይን ከተዘጋ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት። ይህ የክሊኒክ አይደለም፤ ሆስፒታል ነው። እብጠቱ አየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል።

• መዳኑ በምን ይታወቃል? ሕመሙ በመጥፋቱ አይደለም፤ ቀድሞም ላይኖር ይችል ነበር። አጥንቱ ሞልቶ የሚታየው ከስድስት ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ በሚነሣ ሁለተኛ ራጅ ነው። በዚያን ጊዜ ክሊኒኩ እዚያው መኖሩን ማንም አያረጋግጥልዎትም። ስለዚህ የመጀመሪያውን ራጅ፣ ሥራው ሲያልቅ የተነሣውንም፣ የጥርሱን ቁጥርና የተሞላበትን ቀን ጨምረው በዋትሳፕ ይላኩልኝ ይበሉ። ስልክዎ ሊጠፋ ስለሚችል ለአንድ ዘመድም ያስተላልፉት፤ ቢቻል ከካርቱም ውጭ ላለ።